ሳናየው የፈረድንበት ጌም



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ጌም ነው። አዎ፣ ልጆች በስልክና በላፕቶፕ ስለሚጫወቱት ጌም። «ስንት የሚጸለይበት ነገር እያለ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ምን ነካቸው?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን እኛም ይህንኑ እንል ነበር። አሁን ግን ዝም ማለት አልቻልንም፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ አንድ ልጅ ልናጣ ነበር። ያጣነው ደግሞ ሰይጣን በርትቶብን አይመስለንም፤ የኛ ችኮላ ነው።

የምናገለግለው ከሚሴ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻና ደሴ የሚሄደው መኪና ሁሉ በመካከላችን ያልፋል። ከተማችን በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መቀመጫ ናት። ሰዉ አፋን ኦሮሞውንና አማርኛውን እያፈራረቀ ይናገራል፤ አብዛኛው ሙስሊም ነው። እኛ የወንጌል አማኞች ጥቂት ነን። በጸሎት ፕሮግራማችን ወጣቶቻችንን በየስማቸው እየጠራን እንጸልይላቸዋለን፤ ስም ጠርቶ ለመጨረስ ረጅም ጊዜ አይወስድብንም። ከእነርሱ አንዱ ሲጎድል ወንበሩ ይታያል።

ባለፈው ክረምት አንድ እንግዳ አገልጋይ ለሦስት ቀን ኮንፈረንስ መጥተውልን ነበር። ስማቸውን አንጠራም፤ የመጡበትንም ከተማ አንናገርም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት መልካም ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ወደ ወጣቶች ዞሩና ጌም ሁሉ የአጋንንት መሠዊያ ነው አሉ። ሁሉም፤ አንድም አላስቀሩም። ከዚያም የሐዋርያት ሥራ 19ን ጠቅሰው በኤፌሶን አስማተኞች መጻሕፍታቸውን እንዳቃጠሉ እናንተም ያላችሁን አምጡ ብለው ጥሪ አደረጉ። አንድ የ17 ዓመት ልጃችን ተነሥቶ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ሰጣቸው። አገልጋዩ መሬት ላይ ጥለው በጫማቸው ደቀደቁት። ጉባኤው በሃሌ ሉያ ተናወጠ። እኛም አጨበጨብን። ይህን አንደብቅም፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠን አጨብጭበናል።

በሚቀጥለው እሑድ ልጁ አልመጣም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም አልመጣም። ቤቱ ስንሄድ እናቱ በሐዘን ተቀበሉን፤ ጠርተውልን ወጣ። ተቆጥቶ ይናገረናል ብለን ስንጠብቅ በጣም በቀስታ «ጋሼ፣ ፍላሹ የኔ አልነበረም» አለን። ፍላሹ ኮምቦልቻ የሚማር የጎረቤት ልጅ ነው፤ ሙስሊም ጓደኛው። ለክረምት ሲመጣ አውሶት ነው። ጌሙ ብቻ አልነበረም ውስጡ፤ የጓደኛውን የትምህርት ፋይሎችና የኛን የመዘምራን ልምምድ ቅጂም የያዘ ነበር። ልጁ ጥሪው ሲደረግ ልቡ ተነክቶ፣ ደግሞም ሁሉ ሰው እያየው፣ ያለውን ይዞ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ ነው የሰው ንብረት ማሰበሩ የገባው። ቀጥሎም እስከ ዛሬ የሚያሳፍረንን ጥያቄ ጠየቀን፤ «ግን ከእናንተ ጌሙን ያየው ሰው ነበር?»

ማንም አላየውም ነበር።

ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ ጎረቤት ሄድን። የፍላሹን ዋጋ ይዘን ነበር፤ ልጁ ሳቀና አልቀበልም አለ። አባቱም «የሃይማኖት ነገር ነው ብለን ነው ዝም ያልነው» አሉን፤ ቡና አፍልተው አጠጡን። ጥቂቶች ሆነን በብዙዎች መካከል ስንኖር ምስክርነታችን እንዲህ ያለ ቀን ላይ ነው የሚፈተነው። የጎረቤትን ዕቃ በጫማ ደቅድቆ ሃሌ ሉያ ያለ ጉባኤ በማግስቱ ለዚያ ጎረቤት ምን ወንጌል ይነግረዋል? ይህን ጥያቄ ለእንግዳው አገልጋይ በስልክ አቅርበን ነበር። «የመንፈስን ሥራ በሥጋ አትመርምሩ» አሉን። እንግዲህ በአደባባይ የምንጽፈው ከዚያ በኋላ ነው።

የጎረቤቱ ልጅ ጌሙን እንደገና ገልብጦ አመጣልን። (ስለ መገልበጡ ቆይተን እንመለስበታለን።) እኛም ሦስት አገልጋዮች፣ ከሁለቱ ልጆች ጋር፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ በሚጮኽ አሮጌ ላፕቶፕ ፊት ተቀመጥን። ዕድሜያችን ከ30 እስከ 58 ነው። እስከዚያ ቀን ጌም የምንለው ልጆች በየሰፈሩ ጌም ቤት ተሸናፊ ይክፈል እየተባባሉ የሚጫወቱትን የእግር ኳስ ጨዋታ ነበር።

የጌሙ ስም ኦሪዮን ነው፤ ሙሉ ስሙ «ኦሪዮን፦ የኮሪ ኦዳን ውርስ» ማለት ነው። የመጣው ከአሜሪካም ከጃፓንም አይደለም። የሠሩት በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ ያሉ ወጣቶች ናቸው፤ ስቱዲዮው ኪሮ ጌምስ ይባላል። መሥራቹ ኦሊቪዬ ማዲባ ሐሳቡን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ ነው፤ ስቱዲዮው የተከፈተው በ2013 መጨረሻ፣ ጌሙ የወጣው ደግሞ በሚያዝያ 2016። ቆጥራችሁ ከሆነ 13 ዓመት ነው። ባንክ አያበድራቸውም፤ በአገራቸው ጌም ሠርቶ የሚያውቅ የለም፤ መብራት ይጠፋባቸዋል። ገንዘቡን ከብዙ ሰዎች ትንንሽ ድርሻ እየሸጡ አሰባሰቡ፤ በ2015 ደግሞ በኢንተርኔት በሚደረግ መዋጮ ከ40,000 ዩሮ በላይ አገኙ። ይህ ገንዘብ ለእኛ ብዙ ነው፤ በዓለም ላይ ለሚሠሩት ትልልቅ ጌሞች ግን የአንድ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ እንኳ ላይሆን ይችላል። ወጣ፤ ጥቂቶች አመሰገኑት፤ ዓለም አልፎት ሄደ። በአፍሪካ የምንኖረው እኛም አልሰማንም። የአገራችንን ሥራዎች እንኳ ስንቶቻችን እናውቃለን? አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና «ገበታ»ን ሠርቷል፤ ጌም ሁሉ ከውጭ የመጣ መንፈስ ነው ብለን ስንሰብክ እነዚህ ትዝ ብለውን አያውቁም።

ጌሙ አክሽን ሮል ፕሌይንግ የሚሉት ዓይነት ነው። አንድን ሰው ይዘህ ታሪኩ ውስጥ ትገባለህ፤ በገጸ ባሕርይው እጅ ትዋጋለህ፤ እየተዋጋህም ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ሰውየው ኤንዞ ኮሪ ኦዳን ይባላል፤ የዛማ አልጋ ወራሽ ነው። ዘውድ በሚጭንበት ቀን የሚስቱ ወንድም መፈንቅለ መንግሥት አድርጎ ያባርረዋል። ኤንዞና ሚስቱ ኤሪን ተሰድደው ዓለምን ይዞራሉ፤ የተወሰደባቸውን ለማስመለስ ኃይል ይፈልጋሉ። ሥዕሉ በእጅ የተሣለ ነው፤ ልብሱ፣ ፊቱ፣ አሳሳሉ አፍሪካዊ ነው። ንግግሩ ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ብቻ ስለሆነ መዝገበ ቃላት ይዘን ነው የተቀመጥነው። ይህ ራሱ አንድ ትግል ነበር።

ልጃችን ለምን እንደወደደው የገባን በሁለተኛው ምሽት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ እርሱ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ቤተሰቡ የቻለውን ተሸክሞ በእግሩ ወጣ፤ ለሳምንታት በዘመድ ቤት ተጠጋ። ሲመለሱ ቤታቸው ባዶ ነበር። ይህን ነገር በኅብረታችን ውስጥ አንድም ቀን አውርቶት አያውቅም። እኛም አልጠየቅነውም፤ «እግዚአብሔር ጠብቆናል፣ አሜን» ብለን አለፍነው። ላፕቶፑ ፊት ተቀምጦ ግን፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ፣ «ይሄ ሰውዬ አገሩን ጥሎ መውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል» አለ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለዚያ ጊዜ ነገረን። ስንት የወጣቶች ኮንፈረንስ አዘጋጅተናል! ስንት ጊዜ «ነጻ ውጡ» ብለን ጮኸናል! ልጁ አፉን የከፈተው ያያውንዴ ልጆች በሠሩት ታሪክ ፊት ነው።

ስለ ከባድነቱም እንናገር። እኛ ሞትን። መላልሰን ሞትን። ፍልሚያው ፈጣን ነው፤ ቁልፎቹን በቅደም ተከተል ካልነካህ ምቱ አይሠራም፤ ጠላቱ የሚያጠቃበትን ሥርዓት አስተውለህ ካላጠናህ ጉልበትህ በከንቱ ያልቃል። አንድ አለቃ ጠላት ላይ፣ ልጆቹ «ቦስ» የሚሉት፣ ሁለት ሳምንት ፈጅተናል። በየምሽቱ መብራት ካለ አንድ ሰዓት፣ ከጸሎት ፕሮግራም በኋላ። የ58 ዓመቱ ወንድማችን አንድ ማታ ተናድዶ ላፕቶፑን ሊከድነው ሲል ልጁ «ጋሼ፣ አትቸኩሉ፤ ምን ሲያደርግ እንደመታዎት ልብ ይበሉ» አለው። ልብ አለ። ሞተ። እንደገና ልብ አለ።

የዚህ ዓይነት ጌሞች ታሪክ ውስጥ ለአገልጋዮች የሚሆን አንድ ነገር አለ። በ2009 ጃፓን ውስጥ «ዲሞንስ ሶልስ» የተባለ እጅግ ከባድ ጌም ወጣ። ለሠሪዎቹ ገንዘብ የሰጠው የሶኒ ኩባንያ የስቱዲዮዎች ኃላፊ ሹሄይ ዮሺዳ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ሞከረውና መጀመሪያው ላይ ተጣብቆ ቀረ። የማይረባ ነው ብሎ ፈረደ። ሶኒ ከእስያ ውጭ ራሱ አላሳተመውም፤ በሰሜን አሜሪካ ያወጣው አትለስ የተባለ ሌላ ኩባንያ ነው። ያ የተናቀ ጌም በ2011 ለወጣው «ዳርክ ሶልስ» መንገድ ጠረገ፤ በዓለም ላይ የብዙ ከባድ ጌሞች አባት ሆነ። ዮሺዳ በኋላ ተሳስቼ ነበር ብሎ በይፋ ተናገረ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ተጫውቶ ነው የፈረደው። ደግሞም ስሕተቱን አምኗል። የኛ አገልጋይ ሁለት ደቂቃ አላዩም፤ ማመኑንም በሥጋ መመርመር ነው አሉን። የጌም ነጋዴ በትሕትና ከሰባኪ ሲበልጥ ማየት ያማል።

መጽሐፈ ምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ ስለሚመልስ ሰው ምን እንደሚል ሄዳችሁ አንብቡ። ኒቆዲሞስ በዮሐንስ 7 ላይ ፈሪሳውያንን የጠየቃቸውም ይህንኑ ነው፤ ሕጋችን ሰውን አስቀድሞ ሳይሰማ ይፈርዳልን ብሎ ነበር ክርክሩ። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሁሉን ፈትኑ ሲል ከሩቅ ሆናችሁ ርገሙ ማለቱ አይደለም።

«የሐዋርያት ሥራ 19ስ?» ትሉ ይሆናል። ደኅና፣ እናንብበው። መጻሕፍቱን ያቃጠሉት ራሳቸው አስማተኞቹ ናቸው፤ የሰው መጽሐፍ ነጥቀው አላቃጠሉም። ውስጡ ምን እንዳለ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ሲሠሩበት የኖሩት ነውና። አስቀድመው ያደረጉትን ተናዘዙ። ዋጋው 50,000 ብር መሆኑም ተቆጥሮ ታውቋል። ጳውሎስ ቆሞ አምጡ ሲላቸውም አናነብም። ከሚሴ የሆነው ግን፣ ፍላሹ የሌላ ሰው፣ ውስጡ ያልታወቀ፣ ዋጋውም ያልተጠየቀ ነበር። በመካከላቸው ያለው ተመሳሳይነት ጭብጨባው ብቻ ነው፤ እርሱም ኤፌሶን መኖሩ አልተጻፈም።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር እንምጣ፤ ምክንያቱም በኅብረታችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ የእንግዳውን ስብከት በጭፍን ሳይሆን በልባቸው ሐዘን የደገፉ አሉ። እኒህ አባት ወደ ጌታ ከመምጣታቸው በፊት የቃልቻ ደጅ የጠኑ ናቸው። የቆሌ ግብር ምን እንደሆነ፣ ከቤተሰብ ወደ ልጅ ልጅ የሚወርድ ፍርሃት ምን እንደሚያደርግ በሥጋቸው ያውቁታል። ስለ ጌሙ ስንነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ «ኃይሉን ከየት ነው የሚያገኘው?» ውሸት መናገር አልቻልንም። ጌሙ ውስጥ ኦሪዮን የሚባለው ኃይል ከአባቶች የወረደ ውርስ ነው፤ ኤንዞ የሚበረታው ይህንን ውርስ በማንቃት ነው። የስቱዲዮው ስም ራሱ መንፈሳዊ ራእይ የሚል ትርጉም ካለው የስዋሂሊ ቃል የተወሰደ ነው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጆቼ፣ አያት ኃይል ሲሰጥ መጨረሻው የት እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ» አሉን።

ይህን ክርክር አናቃልለውም። ዘዳግም 18 ሙታንን መጠየቅን ይከለክላል፤ ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ከአባቶች ከተወረሰ ከንቱ ኑሮ ስለ መዋጀት ይናገራል። ነገር ግን በታሪክ ውስጥ ያለ ኃይል አንድ ነገር ነው፤ ለኃይል መስገድ ሌላ ነገር ነው። ልጁ ለኤንዞ አያቶች አልሰገደም፤ ጫጩት አላረደላቸውም፤ ታሪክ አነበበ። ዳንኤልና ጓደኞቹ የከለዳውያንን ትምህርትና ቋንቋ ተማሩ፤ በዚያ ትምህርት ውስጥ ከዋክብት ቆጠራና ጣዖት እንዳለበት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ከንጉሡ ማዕድ ግን አልበሉም። መስመሩን የት እንዳሰመሩት አያችሁ? ጳውሎስም በአቴና የአሕዛብን መሠዊያ ዞሮ ተመልክቶ፣ ባለቅኔዎቻቸውንም ጠቅሶ ነው የሰበከው። ሳያይ ቢሆን ኖሮ የሐዋርያት ሥራ 17 ስብከት አይኖረንም ነበር።

ደግሞም ከልጁ ጋር ስለዚህ ነገር ስንነጋገር ያልጠበቅነውን ጥያቄ አመጣ። «እኛስ ከአባቶቻችን የወረስነው ምንድን ነው?» አለ። ዕብራውያን 11ን ከፍተን አብረን አነበብን፤ ከዚያ ስለ ጣዖትና ስለ ውርስ ልዩነት እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን። ጌሙን ደቅድቀን ቢሆን ይህ ጥያቄም አብሮ ይደቅ ነበር።

ሽማግሌያችንን ግን አላስገደድንም። በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 መሠረት የርሳቸው ሕሊና ለኛ ዕውቀት መሥዋዕት መሆን የለበትም። ስለዚህ ጌሙን በአምልኮ ቤቱ ግቢ አንጫወትም፤ እርሳቸው ባሉበትም አንከፍትም። እርሳቸውም በበኩላቸው በልጁ ላይ አጋንንት አለበት የሚለውን ቃል አነሡለት። በቤቱ ሄደው ነው ያነሡለት። እንግዳው አገልጋይ ይህን ቢያዩ ደስ ባለን።

አሁን ቁጣችንን ደብቀን የቆየንበት ነገር ላይ ደርሰናል።

በየስልኩ የሚጫወቱ ብዙ ጌሞች አሉ፤ በነጻ ይሰጡሃል፤ ትንሽ ከሄድክ በኋላ አላልፍ ይልሃል፤ ከዚያ ገንዘብ ክፈልና ኃይል እንስጥህ ይሉሃል። መታገል የለም፤ መማር የለም፤ ካርድህን አውጣ፣ ከፍ በል። ኦሪዮን እንዲህ አይደለም። ብትለምነው አያሳልፍህም። መንገዱ አንድ ነው፤ ወድቀህ፣ ለምን እንደወደቅህ አይተህ፣ ተነሥተህ መሞከር ነው። እንግዲህ እንጠይቃችሁ፤ በኛ መድረኮች ላይ የሚሸጠው የትኛው ነው? «በሰባት ቀን ውስጥ ቪዛህ ይወጣል፤ ዘርህን ዝራ!» የሚለው ሰው የሚሸጠው ምንድን ነው? ዘይት በጠርሙስ፣ ውኃ በፕላስቲክ፣ ትንቢት በቀጠሮ። ይህ ክፈልና እለፍ የሚለው ጌም ነው፤ ልዩነቱ በመድረክ ላይ መሆኑ ነው። ሲሞን በሰማርያ የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ ሊገዛ ሲሞክር ጴጥሮስ ምን እንዳለው የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ አለ። ዛሬ ሲሞን ቢመጣ የሒሳብ ቁጥር ይሰጠው ነበር።

ሮሜ 5 መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥትም ፈተናን የማለፍን ጽናት እንደሚያፈራ ያስተምራል። ልጆቻችን ይህን ከኛ መስማት ሲገባቸው ከኛ የሰሙት አቋራጭ ነው። እኛ ጌሙ ቅዱስ ነው አላልንም፤ ማንንም አያድንም። ግን አንድ የ17 ዓመት ልጅ 40 ጊዜ ወድቆ 41ኛውን ሊሞክር ሲቀመጥ አይተነዋል። ይህን ጽናት ያየ መጋቢ «እንዴት ለጸሎት እናውለው?» ብሎ መጠየቅ ሲገባው እንዴት በጫማው ይረግጠዋል?

ዝም የምንልበትንም ነገር እንናገር። በየከተማው የስፖርት ውርርድ ቤት ተከፍቷል። ወጣቱ የቀን ሠራተኛ ደመወዙን ይዞ ገብቶ ባዶ ኪሱን ይወጣል። በሦስት ቀን ኮንፈረንስ ስለ ውርርድ የተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር ካለ ንገሩን። በጌም ቤቱም ቢሆን ተሸናፊ ይክፈል የሚለው ጨዋታ የቁማር ታናሽ ወንድም ነው፤ በእርሱ ላይ ብትሰብኩ አብረናችሁ እንቆማለን። ሱስም እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አጽድቆ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የጌም ሱስ አለ። መለኪያውም ግልጽ ነው፤ ሰውየው መጀመርና ማቆም አቅቶታል ወይ፣ ከሌላው ኑሮው ሁሉ ጌሙን አስቀድሟል ወይ፣ እየጎዳውም ይቀጥላል ወይ፣ ይህም ለረጅም ጊዜ፣ በተለምዶ ለአንድ ዓመት ያህል፣ ቆይቷል ወይ። እነዚህ መልካም የእረኛ ጥያቄዎች ናቸው። ግን ለመጠየቅ ልጁን ማወቅ ያስፈልጋል። «አጋንንት!» ብሎ መጮኽ ማንንም ማወቅ አይጠይቅም፤ ለዚህም ነው የሚቀለው።

እኛን ራሳችንን የወቀሰን ግን መገልበጡ ነው። ጌሙ በፍላሽ የመጣው ሳይከፈልበት ነው። ያያውንዴ ልጆች 13 ዓመት የለፉበትን እኛ በሦስት ደቂቃ ገልብጠን ተጫወትን። በዚያ ኮንፈረንስ ላይ ማንም ይህን አላነሣም፤ ስርቆት መሆኑ ለማንም አልታየም። ምክንያቱን እናውቃለን። የዘማሪዎቻችንን አልበም በፍላሽ እየገለበጥን «ለጌታ ክብር ነው» የምንል እኛው ነን። አንድ ዘማሪ ለዓመታት ተበድሮ ያወጣውን መዝሙር በአንድ ማታ ከስልክ ወደ ስልክ እናሻግራለን፤ ከዚያ ስለ ዓለም ርኩሰት እንሰብካለን። በጌሙ ውስጥ አጋንንት ለመፈለግ የተጣደፈ ዓይን ስምንተኛውን ትእዛዝ አላየም።

ስለዚህ ጨዋታውን አቆምን። ጌሙ ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ይሸጣል፤ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው የሚከፈለው፤ ከከሚሴ ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። ለሦስት ሳምንት ቆየን። ልጁ ለአክስቱ ደወለ፤ ውጭ አገር ነው የምትኖረው። የተገለበጠውን አጥፍተን፣ እርሷ የከፈለችበትን ጫንን። ኢንተርኔቱ እየተቋረጠ ለማውረድ አራት ሌሊት ፈጀ። ሌላ ላፕቶፕ ስላልሆነ እንጂ የደረስንበትን ቦታ ይዘን መቀጠል እንችል ነበር አሉን፤ ወንድማችን ግን ከመጀመሪያው እንጀምር አለ። ያን የሁለት ሳምንት ጠላት ደግሞ ሊያገኘው ነው።

ለእንግዳው አገልጋይ የምንለው አጭር ነው። ጋሼ፣ ቁጣችን ከእርስዎ ሰውነት ጋር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ስብከትዎ ዛሬም ይረዳናል። ግን ያንን ልጅ አንድ ጊዜ ቢደውሉለት መልካም ነው፤ ስልኩን እንሰጥዎታለን። የጎረቤቱ ልጅ ለክረምት ሲመጣም ቢያገኙት። እሑድ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ፤ አንዱ ወደ አምልኮ ይገባል፣ ሌላው ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ከዚያ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ወንድማችን ቤት ነን። ወደ ከሚሴ በመጡ ጊዜ ለእርስዎም ወንበር አለ። ቻርጀር ካለዎት ግን ይዘው ይምጡ፤ የኛ ተቃጥሏል።